ሰባተኛው እግር

ሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ሞባይል ጥገና ቤት ጀርባ፣ ሁለት በሦስት የምትሆን ክፍል አለች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብየዳ ካውያ፣ አንድ ቴስተር፣ ማራገቢያው የሚያጓራ አሮጌ ላፕቶፕ። ተከራዩ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያለፈው ወጣት ነው። ቀን ቀን የጥገና ቤቱን ባለቤት እያገዘ ኪራዩን ይሸፍናል፤ ማታ ማታ የራሱን ይሠራል። በሦስት ዓመት ውስጥ በተማረው ሙያ ገንዘብ የተከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ሥራ ሊያዋርደው ነበር።

ሥራውን የሰጡት ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ጠዋት ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ይረከባሉ፣ አስበልተው አጥንቱን ያስወጣሉ፣ በዲፕ ፍሪዘር አቆይተው ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። ጭንቀታቸው መብራት ነው። መብራት መጥፋቱ ብቻ ቢሆን ይቻላል፤ ክፋቱ ሌሊት ጠፍቶ ሌሊት መምጣቱ ነው። የፍሪዘሩ በር ጎማ አርጅቷል፣ ማታ የገባው ዓሣ ገና አልጠነከረም። መብራት ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ሲመጣ እንደገና ይደርቃል፣ ጠዋት ሲከፈት ድንጋይ ነው። ዓይንም እጅም ይታለላል። የሚያውቀው የበላው ሰው ሆድ ነው።

«ሌሊት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር ሥራልኝ» አሉት።

የሠራላቸው መሣሪያ ከመዳፍ አይበልጥም። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ ውጪ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ በየ5 ደቂቃው ለክታ ትጽፋለች። መብራት ሲጠፋ በራሷ ባትሪ ትቀጥላለች። ጠዋት አንድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ ሌሊቱ ሰላም ከነበረ አረንጓዴ፣ ዓሣው ቀልጦ ከነበረ ቀይ ታበራለች። የምትጽፍበት ደብተር ዊንቦንድ የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሚሠራው ባለ 8 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ስምንት እግር ያለው። በቀን 288 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 8 ባይት ቢጻፍበት ወደ 10 ዓመት ገደማ ይበቃል።

የመጀመሪያው አንድ ወር ያለ እንከን ሠራ። ሴትየዋ ደስ አላቸው፣ ለሌሎቹ ፍሪዘሮች ሁለት ጨምሮ እንዲሠራላቸው ቀብድ ሰጡት። ሠራ፣ ጠረጴዛው ላይ ሞከረ፣ አስረከበ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ደንበኛቸው ዓሣውን መለሰባቸው። የመጡት ለቁጣ አልነበረም። መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ኢንጂነር፣ አረንጓዴ ነበር እኮ» አሉ። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ነገሩ የሚገባው ፍላሽ ሜሞሪ እንዴት ዝም እንደሚል ለሚያውቅ ነው። «ፍላሽ» ሲባል አብዛኛው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ዲስክ ያስባል፤ ሞባይል ጠጋኞች ደግሞ ሶፍትዌር እንደገና መጫንን «ፍላሽ ማድረግ» ይሉታል። ሁለቱም ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ የቶሺባ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያስተዋወቀው ሜሞሪ መብራት ሲጠፋ የተጻፈበትን አይረሳም፤ ሲጠፋ ደግሞ እንደ ካሜራ ብልጭታ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ የተጠረገ ፍላሽ የሚነበበው 0 ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ነው። መጻፍ ማለት ከ1 ወደ 0 ማውረድ ነው። ስለዚህ ባዶ ገጽ ሲነበብ 255፣ 255፣ 255 እያለ ይሄዳል።

አሁን ሌላውን ልብ በሉ። እዚህ ሰሌዳ ላይ ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪው መልስ የሚቀበልበት ሽቦ በሬዚስተር ወደ ላይ፣ ወደ 3.3 ቮልቱ፣ ታስሯል። ሜሞሪው ዝም ካለ ሽቦው ላይ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያነበውም 255፣ 255፣ 255 ነው። ባዶ ደብተርና ደብተሩን የያዘው ሰው ቤት አለመኖር፣ ከበር ውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው ማለት ነው። የልጁ ፕሮግራም ሌሊቱን መርምሮ መጥፎ መዝገብ ካላገኘ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርጎ ነበር የተጻፈው። አላገኘም። አበራ።

ድራይቨር ማለት (የመኪናው ሹፌር አይደለም) ፕሮሰሰሩ ከእንዲህ ያለ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት የፕሮግራም ክፍል ነው። መልካም ድራይቨር ሜሞሪውን አስቀድሞ «ማነህ?» ይለዋል። ይህ የዊንቦንድ ሜሞሪ በትክክል ከተጠየቀ ሦስት ቁጥር ይመልሳል፦ 239፣ 64፣ 23። የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ፣ የቀሩት የዓይነቱና የመጠኑ ናቸው። ልጁ የተመለሱለትን መሣሪያዎች ጠረጴዛው ላይ አድርጎ መቶ ጊዜ ጠየቃቸው። መቶውንም ጊዜ 239፣ 64፣ 23 አሉት። ጻፈባቸው፣ አነበባቸው፣ ደህና ናቸው። ፍሪዘሩ ጋ ሲሄዱ ግን ሌሊቱን ይረሱታል።

የመጣ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀው ነበር። «ፎርጅድ ነው» አለው አንዱ። «የቻይና ዕቃ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል» አለው ሌላው። እሱም አምኖ ነበር፤ ሜሞሪዎቹን ሰው ልኮ ከአዲስ አበባ ነው ያስገዛቸው፣ ሁለቱ ከመጀመሪያው በተለየ ቀን ከሌላ ሱቅ የተገዙ ናቸው። ጥርጣሬው ሞኝነት አይደለም። ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ዕቃ በዓለም ገበያ አለ። ችግሩ «ፎርጅድ» የሚለው ቃል ምርመራን የሚዘጋ መሆኑ ነው። አንዴ ከተባለ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ አውጥቶ ሌላ መግዛት ነው። ዕቃው ሲበላሽ ቻይናን፣ ቻይና ሲታክት መብራት ኃይልን መክሰስ ቀላል ነው፤ ሁለቱም መልስ ለመስጠት አይመጡም።

መልሱ የመጣው መብራት በመጥፋቱ ነበር። አንድ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ መሣሪያዋም በባትሪዋ፤ ልጁ «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ በየሴኮንዱ እንዲደጋገም አድርጎት ነበር። ስክሪኑ ላይ 239፣ 64፣ 23 እየተደረደረ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት 255፣ 255፣ 255 ሆነ። ለጥቂት ሴኮንድ። ከዚያ ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። እጁን ወደ ሰሌዳው ሲያስጠጋ ይለዋወጣል። የቴስተሩን ጫፍ ሰባተኛው እግር ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ ጭጭ ይላል። ሲያነሳው ይመለሳል።

እስከዚያ ምሽት ድረስ መሣሪያዋን የሚሞክራት ሁልጊዜ ቻርጀሩ በተሰካ ላፕቶፕ ነበር። የምትበላሸው ያ ሁሉ ሲነቀል ነው፤ ማለትም የተሠራችበት ሰዓት ሲደርስ።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ሻማ ይዘው ገቡ። በደርግ ጊዜ ሬዲዮ በመጠገን የጀመሩ ሰው ናቸው፤ ፕሮግራም አይጽፉም፣ ዳታሺት አያነቡም። ነገሩን አዩት።

«ይቺን እግር ከምን አሰርካት?»

«ከምንም ጋሼ። አልጠቀምባትም።»

«አንተ ባትጠቀምባት እሷ ትጠቀምብሃለች።» ሳቁ። «ያላሰርከው በግ የት እንደሚያድር ታውቃለህ?»

ሰባተኛው እግር ሥራው «ቆይ» ማለት ነው። ወደ 0 ሲወርድ ሜሞሪው ንግግሩን ያቆማል፣ የሚልኩለትንም አይሰማም፣ የመልስ ሽቦውን ለቆ ይቀመጣል። ወደ 1 ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ልጁ ይህን አገልግሎት ስላልፈለገው እግሩን ከምንም ጋር አላገናኘውም፤ «ካልተገናኘ የለም» ብሎ ነው። በዲጂታል ዓለም ግን ያልተገናኘ እግር 0ም 1ም አይደለም። አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። አጠገቡ ካለፈ የመብራት ሽቦ፣ ከሰው ጣት፣ ከእርጥበት፣ ከጎረቤት እግር ያገኘውን ይይዛል። ቴስተሩም ቢሆን ዝም ብሎ የሚያይ ምስክር አይደለም፤ በውስጡ ያለው 10 ሜጋኦም ያህል ተቃውሞ ተንሳፋፊውን እግር ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ሲለካው የጠፋው ለዚህ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው መሣሪያ ለምን ሠራ? ሰሌዳው አንድ ነው፣ እግሩ እዚያም አልታሰረም። እዚህ ላይ ልጁ ማጉያ መነጽር አውጥቶ በሜሞሪዎቹ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ስማቸው አንድ ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ። የመጀመሪያው በ«ኪው» ያልቃል፣ ሁለቱ በ«ጂ»። ዳታሺቱ ውስጥ ልዩነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፦ በ«ኪው» የሚያልቀው ከፋብሪካ ሲወጣ በአራት መስመር እንዲነጋገር ተዘጋጅቶ ስለሆነ ሰባተኛው እግር የ«ቆይ» ሥልጣን የለውም፤ በ«ጂ» በሚያልቀው ላይ ግን አለው። ስማቸውን ሲጠየቁ ሁለቱም 239፣ 64፣ 23 ነው የሚሉት። ፎርጅድ አልነበሩም። ሁሉም ኦርጅናል ናቸው፤ የመጀመሪያው ስህተቱን ሸፍኖለት ነበር፣ ሁለቱ አልሸፈኑለትም።

መድኃኒቱ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ዋጋ አለው፦ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከሰባተኛው እግር ወደ 3.3 ቮልት። «አትጻፍ» የሚለውን ሦስተኛውን እግርም እንዲሁ አሰረ። አንደኛውን እግር ሲያይ ደነገጠ። አንደኛው እግር «አንተን ነው» የሚባልበት ነው፤ ሲወርድ ሜሞሪው መስማት ይጀምራል። ፕሮግራሙ ይህን እግር ይቆጣጠረዋል፤ ግን ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ፣ ፕሮሰሰሩ በሚነቃባት ቅጽበት፣ የፕሮሰሰሩ እግሮች ሁሉ ልቅ ናቸው። በዚያች ቅጽበት የሚያልፍ ሁካታ እንደ ትዕዛዝ ሊሰማ ይችላል። ድራይቨር ጸሐፊ የእግሮቹን ሁኔታ የሚያስተካክለው በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ያለውን ጊዜ የሚይዘው ሬዚስተር ብቻ ነው። እሱንም አሰረ።

እዚህ ቢያበቃ ታሪኩ የሦስት ሬዚስተር ታሪክ ይሆን ነበር። የሚከነክነው ሌላ ነው። ፍላሽ ሲጻፍበት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ «ጨረስክ?» እያለ ይጠይቃል። የ«ሥራ ላይ ነኝ» ምልክቱ 1 ነው። ዝም ያለ ሜሞሪ ሁሉም ነገሩ 1 ሆኖ ስለሚነበብ ለዘላለም ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ልጁ ከወራት በፊት፣ ፕሮግራሙ እዚህ ቦታ ላይ አልፎ አልፎ እየተንጠለጠለ ሲያስቸግረው፣ አንድ መስመር ጨምሮ ነበር፦ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልስ ካልመጣ ተወውና እለፍ። ሠርቶለታል። መንጠልጠሉ ጠፋ። ችግሩ ያኔ በሩን እያንኳኳ ነበር፤ እሱ የበሩን ደወል ነቀለው። ዓሣውን ያበላሸው መብራት ነው። ሴትየዋ እንዳያውቁ ያደረጋቸው ግን ሰባተኛው እግር ብቻ አይደለም፣ ያቺ መስመር ናት። ይህን ለማንም ሳይናገር ሁለት ቀን ይዞት ዋለ።

በዓለም ላይም ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው አሉ፤ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ዋይፋይ ሲጠፋ ሁሉም ሰው «ነቅለህ ስካው» ይላል። ይህ ምክር ለምን ይሠራል? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከ16 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፍላሽ በባለ 3 ባይት አድራሻ አይዳረስም፤ ሊነክስ ወደ ባለ 4 ባይት ያዞረዋል። መሣሪያው ሳይነቀል ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ እንደ አዲስ በ3 ባይት ይጠራል፣ ሜሞሪው ግን ኃይሉ ስላልተቋረጠ አሁንም አራተኛውን እየጠበቀ ነው። አይግባቡም፤ መሣሪያው በድን ይሆናል። ሰሌዳውን የነደፈው ሰው የዳግም ማስነሻውን ሽቦ እስከ ሜሞሪው ድረስ ቢስበው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሊነክስ ድራይቨር ጸሐፊዎች ለእንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ማለፊያ ሠርተዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ማለፊያው የሚሠራው ሰሌዳው «የተሰበረ» ተብሎ በግልጽ ከተመዘገበ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ሲበራም፣ ይህ መሣሪያ ድንገት ቢጠፋ ላያገግም ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ አደረጉት። ማለፊያውን ሠሩ፣ ደወሉን ግን አልነቀሉም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ካረፈች ሦስት ሳምንት ያልሞላት ስፒሪት የተባለች የናሳ ተሽከርካሪ ድንገት ትርጉም ያለው ነገር መላክ አቆመች። ከ60 ጊዜ በላይ ራሷን እያጠፋች ትነሳ ነበር፣ መተኛትም ስላቃታት ባትሪዋ እያለቀ ነበር። መሐንዲሶቹ ፍላሽ ሜሞሪዋን ሳትነካ እንድትነሳ ትዕዛዝ ላኩላት፤ ተነሳች። ፍላሹ ላይ የተከማቹት ፋይሎች በዝተው የፋይል አያያዙን አንቀውት ነበር። ጠርገው አደሱት። ለ90 የማርስ ቀን የታቀደችው ተሽከርካሪ እስከ 2010 ድረስ ሠራች። ያዳናት ሜሞሪዬን አልመን ብላ መነሳት የምትችልበት መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀላት መሆኑ ነው።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች። የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ጎማ ያለው ብዙ ኮምፒውተር ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ መኪኖቹን ለጥገና የጠራው ሞተር ወይም ፍሬን ተበላሽቶ አልነበረም፤ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ሜሞሪያቸው ተጽፎበት ተጽፎበት ስላለቀ ስክሪናቸው እየጠፋ ነበር፣ ከእሱም ጋር የኋላ ካሜራው። ሐዋሳ ላይ እንዲህ ያለ መኪና ሲቆም ባለቤቱ ወደ ማን ይሄዳል? በዚያው 2016 ዓ.ም ሐምሌ ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና መልካም ነገር ነው፤ በስልኩ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ብላቴና ባለበት አገር እሱን መንቀፍ ግፍ ነው። ግን የሚያስተምረው ስለ አንድሮይድ፣ ስለ ዳታ ትንተና ነው፤ ከስክሪኑ በላይ ያለውን። ከስክሪኑ በታች ያለው፣ የትኛው እግር በማን እንደተያዘ የሚጠየቅበት ቦታ፣ ለልጁና ለሻማ ያዦቹ ተትቷል። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ልጁን ስለ ተንሳፋፊ እግር አስተምሮታል፤ በፈተና ጠይቆት በትክክል መልሷል። ካውያ አስይዞ ያሳየው ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሴትየዋ ሄደ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቃው ደህና ነበር።»

ለረጅም ጊዜ አዩት። «ፎርጅድ ነው ብለህ ነበር እኮ።»

«ተሳስቼ ነው።»

«እና አሁን?»

ነገራቸው። ሬዚስተሩን አላብራራም። አሁን መሣሪያዋ የጻፈችውን መልሳ እንደምታነብ፣ ካልገጠመ ቀይ እንደምታበራ፣ ሜሞሪው መልስ ካልሰጠም ቀይ እንደምታበራ፣ አረንጓዴ የምታበራው ሌሊቱን በሙሉ የተጻፉትን መዝገቦች ቆጥራ ካገኘች ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ዓሣው ደህና ሆኖ ሳለ በከንቱ ቀይ ልታሳያቸው ትችላለች።

«በከንቱ ያስደንግጠኝ» አሉ፣ «በከንቱ ከሚያጽናናኝ።» የተመለሰውን ዓሣ ዋጋ ግማሹን ከሚቀረው ክፍያ ቀነሱበት። አልተከራከረም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ያበራችው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ገና ሳይነጋ ደወሉለት።

«ኢንጂነር፣ ቀይ ነው። ጥፋ ብዬ ብጫናትም አልጠፋ አለች።»

«አይጠፋም እትዬ። ስንት ሰዓት ቆየ ይላል?»

ጸጥ አሉ፤ የፍሪዘሩ በር ሲከፈት በስልኩ ተሰማው። «አምስት ሰዓት ከሃያ» አሉ። ከዚያ ለሚረዳቸው ልጅ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ፣ «የላዩን በሙሉ አውጣው፣ ለማንም እንዳትሰጥ» ሲሉ ሰማቸው።